ሰባተኛው ዘፈን ላይ ያለችው ክፍት ቦታ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በር ላይ የቆምሽውም ግቢና ነፋሱን ዝጊልን፤ ቦታ አለ፣ ትንሽ ተጠጋጉላት። የምነግራችሁ ነገር ገና አልሆነም። እኔ ግን እንደሆነ አድርጌ ነው የማወራው፤ እንዲያ ካልሆነ አፌ ላይ አይጥመኝም።

ማክቤልና ሶልያና የሽማግሌና የባልቴት ስም በሆኑበት፣ ሕፃናቱ ደግሞ ዞረው ዘርፌና ደርበው መባል በጀመሩበት ዘመን፣ ደሴ ከተማ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አንድ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር።

ማክቤል ሹፌር ነበር። ሹፌር ስላችሁ የሚነዳ እንዳይመስላችሁ። አውቶቡሶቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ሰው ባዶውን ወንበር ሲያይ እየፈራ አልሳፈርም ስላለ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን መሪው ላይ የሚያሳርፍ ሰው ይቀጠር ነበር። መሪው ከምንም ጋር አልተያያዘም። ማክቤል ዕድሜውን ሙሉ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ፒያሳ ሲመላለስ አንድም ቀን መኪና አዙሮ አያውቅም። ጡረታ ያስወጡት ሰዉ መፍራቱን ሲተው ነው።

ሶልያና ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነበረች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ራሷን ሶልያና ጭን ላይ ጥላ ነው ያደገችው። ወሬዋ አያልቅም። እየሠራች ታወራለች፣ እያወራች ትስቃለች፣ ሹሩባው ካለቀ በኋላም ወሬው ስላላለቀ ሰው ቁጭ ብሎ ያስጨርሳታል። ያቺ ሴት ናት እንግዲህ ዝም ያለችው። መርሳቱ ሲመጣ መጀመሪያ ቁልፍ የምታስቀምጥበትን ወሰደባት። ቀጥሎ የሰው ስም። ቀጥሎ ንግግሩን ራሱን። አሁን ጠዋት ፊቷን ታጥባ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲወርድና ሲወጣ ታያለች፣ እስኪመሽ ድረስ አንድ ቃል አይወጣትም።

አንድ ቃል አይወጣትም ስል፣ ከአንዲት ነገር በቀር ነው። እሷን ነው የምነግራችሁ።

እነማክቤል ወጣት ሳሉ ፌቨን አሊጋዝ የምትባል ዘፋኝ ነበረች። «ጠብ እርግፍ» የሚል አልበም አወጣች፤ እሱ ከወጣ በኋላ ዓለም ላይ ሌላ ዘፈን ያለ አይመስልም ነበር። ሰርግ ላይ እሱ፣ ታክሲ ውስጥ እሱ፣ ምግብ ቤት ስትገቡ እሱ። ፌቨን የአዝማሪ ልጅ ናት። አባቷ በየግብዣው እየዞረ፣ እንግዳው ግጥም ሲሰጠው እየተቀበለ የሚዘፍን ሰው ነበር። እሷም የአባቷን ነገር ሰባተኛው ዘፈን ላይ አመጣችው። ድምፅዋን ሳብ ታደርግና፣

«ጠብ እርግፍ ስልልህ፣ ምን አልከኝ ለሰው?»

ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ዝም። ክራሩ ብቻውን ትንሽ ይሄዳል፣ የሰው ድምፅ የለም። ያቺን ቦታ ለሰሚው ተወችለት። ሰዉም ወዲያው ገባውና «ክፍቷ» ብሎ ስም አወጣላት። እያንዳንዱ ቤት ለክፍቷ የራሱን መልስ ሠራ፤ ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ አባትም እናትም ልጅም በአንድ አፍ ይወረውሩታል። ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን መልስ ከነዜማው ያውቀዋል። ፀጉር አስተካካዩ ኖላዊ ቤት «ዶሮዬን የበላ፣ ሆዱን ያምሰው!» ይባላል፤ ዶሮ ኖሯቸው አያውቅም። ከማክቤል ቤት ቀጥሎ ያለችው ኤልዳና ደግሞ «ጥርሴን አያችሁ እንጂ፣ ሆዴን ማን ዳሰሰው» ትላለች፤ እሷ ይህን ስትል ባሏ አቀርቅሮ ነበር የሚስቀው፣ ነፍሱን ይማርና።

የእነማክቤልን መልስ ሶልያና ናት የሠራችው፣ በተጋቡ ዓመት። ማክቤል ሥራ ውሎ ሲገባ ሻዩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነው የሚጠብቀው። አንድ ቀን ገና በሩን ሲከፍት ዘፈኑ ክፍቷ ላይ ደርሶ ኖሮ፣ ሶልያና ብርጭቆውን እንደያዘች ዞር አለችና፣

«ሻይህ ቀዝቅዟል፣ ና ቁጭ በልና ቅመሰው!»

አለችው፣ በዜማው። ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የቤቱ መልስ ይኸው ሆነ።

ነገሩ የሚገርመው፣ መርሳቱ ሁሉን ሲጠርግ ይህችን አልነካትም። ማክቤል ጠዋት ፊቷን ያጥባትና ፀጉሯን እንደነገሩ ይጎነጉንላታል፤ እጁ አይችልበትም፣ ድሮ ቢሆን ተነስታ ትስቅበት ነበር። ከዚያ «ግድግዳ፣ ሰባተኛዋን» ይላል። በዚያ ዘመን ግድግዳ ሰው ሲናገር ይሰማል፣ ሲያዙትም ይዘፍናል። ፌቨን «ምን አልከኝ ለሰው?» ስትል የሶልያና አፍ ይከፈታል። ድምፅዋ ያው የጥንቱ ነው፣ ትንሽ ሻክሯል እንጂ። «ሻይህ ቀዝቅዟል» ትላለች። «ና» የምትለው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ዞሮ ይፈልገዋል፣ ያገኘዋል። ከዚያ ወደ ጉሟ ትመለሳለች። ማክቤል የሚኖረው በዚህች ነበር። ደጋግሞ ማጫወት ያምረዋል፤ ግን እንዳታልቅበት እየፈራ በቀን ከአንዴ አያልፍም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲኖሩ፣ አንድ ጠዋት ግድግዳው ሳይጠየቅ ተናገረ።

«እንኳን ደስ አላችሁ። ጠብ እርግፍ ታድሶና ሰፍቶ ሊመጣ ነው።»

በዚያ ዘመን የድሮ ዘፈን የሚባል ነገር የለም። ዘፈን ሲታደስ በየቤቱ፣ በየመኪናው፣ በየሰዉ ጆሮ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይታደሳል፤ የበፊቱ የት እንደገባ የሚጠይቅም የለም፣ ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱን ጥቂት ቀን በምላስ ነካክቶ እንደመርሳት ነው። ከተማው በደስታ አበደ። ሴቱ ሁሉ እንደ ፌቨን የአልበም ሽፋን ቢጫ ሻሽ አሰረ። ዳቦ ቤቱ ዳቦው ላይ ፊቷን አተመ፤ ሰው ጠዋት ጠዋት ከግንባሯ ጀምሮ እየቆረሰ ይበላት ነበር። አውቶቡሱ ሰው ሲሳፈር በስሙ ጠርቶ «ለጠብ እርግፍ ተዘጋጅተዋል?» ይላል። «አዎ» ካላሉት ደግሞ ይጠይቃል።

ከዚያ ፌቨን ራሷ ቃለ መጠይቅ ሰጠች። ከሞተች ሃያ ዓመት ያህል ሆኗታል፤ ይህ ግን አላገዳትም። የሠላሳ ዓመት መልኳን ይዛ፣ በቢጫ ቀሚስ፣ በሁሉም ቤት ግድግዳ ላይ ተቀመጠች። አዲሱ ላይ ምን እንዳለ ሲጠይቋት ዘርዝራ ተናገረች።

«አዳዲስ ዘፈኖች ጨምሬያለሁ። የድሮው ላይ የሚንኮሻኮሸውን ሁሉ አጥርቻለሁ። ደግሞ ሰባተኛዋ ላይ ባዶ የቀረች ቦታ ነበረች አይደል? ሁልጊዜ ታሳፍረኝ ነበር። እሷንም ሞላሁላችሁ።»

ፈገግ አለች። ጥርሷ ያምራል።

ማክቤል ማበጠሪያውን እንደያዘ ቆመ። ሶልያና ጉሟን ታያለች። ወዲያው በሩ ተንኳኳና ኤልዳና ቢጫ ሻሿን አስራ ገባች።

«ጋሼ! ሰማህ? ሰማህ ወይ? ተሞላች እኮ!»

«ሰማሁ።»

«ምነው ታዲያ ፊትህ ሰው የሞተብህ መሰለ?»

ማክቤል በአገጩ ወደ ሶልያና አመለከታት። «ከሞሏት ይቺ የት ትናገር?»

ኤልዳና ትንሽ ደነገጠች፤ ልቧ ክፉ አይደለም። ቶሎ ብላ አጽናናችው። «ኧረ አታስብ ጋሼ። ስንት ዘመን የለመደ አፍ! ፌቨንም የራሷን ትላለች፣ እትዬ ሶልያናም የራሷን ትላለች። ሁለት ሰው አንድ ላይ ቢዘፍን ምን ይላል?» አለችና፣ ሻሹን ለሶልያናም አምጥታላት ኖሮ አሰረችላት። ሶልያና ሻሹን በእጇ ዳሰሰችው።

ማክቤል አላስቻለውም። መናፈሻ አጠገብ ወዳለው፣ ዘፈን የሚያድሰው ድርጅት ደንበኞቹን ወደሚያነጋግርበት መስኮት ወረደ። ሰዉ ሁሉ ተሰልፎ ቶሎ እንዲደርሰው ይለምናል። ተራው ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ዘርፌ የምትባል ልጅ እግር ሴት ቁጭ ብላለች።

«እንዴት አረፈዱ አባቴ። ለጠብ እርግፍ ነው?»

«አዎ ልጄ። እንዲመጣልኝ ግን አይደለም፣ እንዳይመጣብኝ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ እንደማይቀልድ አየችና ሳቋን ሰበሰበች። የሶልያናን ነገር ከመጀመሪያው ነገራት። አቀርቅራ ሰማችው።

«እና አሮጌውን ለኔ ቤት ብቻ ተዉልኝ» አላት።

«አባቴ፣ አሮጌ የሚባል የለም እኮ። ያው እሱ ነው የሚታደሰው።»

«አሁን ያለው የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ይታደሳል።»

«እሺ፣ ከመታደሱ በፊት የነበረው?»

«እሱ ነው እኮ አዲሱ፣ አባቴ።»

እያሾፈችበት አልነበረም። የምታምነውን ነው የነገረችው፣ ያስፈራውም ይኸው ነው። ከዚያ አዘነችለትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ግን ልናደርግልዎ እንችላለን። እማማ በየጠዋቱ ያሉትን ግድግዳው ሰምቶታል። በራሳቸው ድምፅ እዚያች ቦታ ላይ እናስገባልዎታለን። ቢደክሙም፣ ቢታመሙም… እሳቸው ቢያልፉም እንኳን፣ ሁልጊዜ ይልልዎታል።»

ማክቤል የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቡ ሄዶ ነበር። ዕድሜ ልኩን በየጠዋቱ ያንን ድምፅ መስማት! «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው ቤቱ ታየው፦ ዘፈኑ ይደርሳል፣ ከግድግዳው ውስጥ «ሻይህ ቀዝቅዟል» የሚል ድምፅ ይወጣል፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ሶልያና አፏን እንደከፈተች ራሷን ታዳምጣለች።

«እሷ ታዲያ የት ትግባ?» አለ።

«እንዴት?»

«አንቺ የእሷን ድምፅ ካስገባሽበት፣ እሷ ራሷ የት ትግባ?»

ዘርፌ ስክሪኗን አየች፤ መልሱ እዚያ ያለ መስሏት። «እሱን…» አለች። «እሱን እስካሁን የጠየቀን የለም።» ከኋላው የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ወጣ።

የአዲሱ ዘፈን መምጫ ቅዳሜ እኩለ ቀን ነበር። ሰዉ በሩን ከፍቶ፣ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ይጠብቃል። ማክቤል ግን ሶልያናን ካፖርት አልብሶ፣ ከከተማው ራቅ ወዳለው ሜዳ ሊያወጣት አሰበ፤ እዚያ ግድግዳ የለም፣ ቢያንስ ያን ቀን አዲሱን አትሰማም ብሎ። አሳቡ ሁሉ ልክ ነበር፣ አንዲት ነገር ብቻ ረሳ። አውቶቡስ ተሳፈሩ።

«ጋሽ ማክቤል፣ እትዬ ሶልያና፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ» አለ አውቶቡሱ።

ዳገቱን እየወጡ ሳሉ ሰዓቱ ደረሰ። ተሳፋሪው ሁሉ «እልል!» አለ። አውቶቡሱ መዝፈን ጀመረ፣ ያውም ሕዝቡ በጠየቀው ቅደም ተከተል፣ ሰባተኛዋን አስቀድሞ። ማክቤል የመውረጃውን ደወል ተጫነ። «ይህች ዘፈን ስታልቅ አወርድዎታለሁ» አለው። ደግሞ ተጫነ። ወደ ፊት ሮጦ ሄደ፤ ዕድሜውን የፈጀባት ወንበር ባዶዋን አለች፣ መሪዋ ግን ተነቅላ አበባ ተቀምጦባታል። ብትኖርስ ምን ሊያደርግባት ነበር? እጁን አበባው ላይ እንዳደረገ ቆመ።

ድምፁ በእርግጥ ጠርቷል። የፌቨን ትንፋሽ እንኳን ይሰማል፣ አጠገብ እንዳለ ሰው። «ጠብ እርግፍ ስልልህ፣ ምን አልከኝ ለሰው?» አለች። ማክቤል ዞር ብሎ ሲያይ የሶልያና አፍ ተከፍቷል። «ሻ—» አለች። ያኔ ፌቨን ገባች።

«ፍቅሬ እንደ ጨረቃ፣ ማንም የማይደርሰው።»

ደስ ይላል። ምን ይዋሻል፣ ደስ የሚል ነው። ተሳፋሪው «አቤት!» አለ፣ አንዷ እንባዋን ጠረገች። ሶልያና ግን በሩ ላይ ደርሳ ሰው ቀድሟት እንደገባባት እንግዳ፣ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ቆይታ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ማክቤል ይሞክራል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አፏ ይከፈታል፤ ፌቨን ትቀድማታለች። ቀጥሎ ከንፈሯ ብቻ ይነቃነቃል። ቀጥሎ እሱም ቀረ። «ግድግዳ፣ እዚያች ቦታ ላይ ዝም በል» ይለዋል። «ፌቨን አልፈቀደችም» ይለዋል ግድግዳው። «እሺ ድምፅዋን በሙሉ አጥፋ» ይለዋል። ያጠፋዋል፤ ግን ጥያቄው ከሌለ ሶልያና ምን ትመልስ? ክራሩን ሰምታ ዝም። ኖላዊ የሟች አባቱን ስልክ ከመሳቢያ አውጥቶ አመጣለት፤ ስንት ዘመን ጠፍቶ የኖረ፣ የተሰነጠቀ ስልክ። «አንተ ሹፌር፣ ይኼ እኮ ዓለም መታደሱን አልሰማም» ብሎ በኩራት ከፈተው። ስልኩ በራ። «ሰላም፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ» አለና ጨረቃዋን ዘፈነላቸው።

ያኔ ኤልዳና ናት «ለምን እኛ አንዘፍንላትም?» ያለችው። «ዘፈኑን እንደሆነ በእንቅልፋችንም እናውቀዋለን። እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ዝም ማለት ነው። ዝም ማለት ያቅታል?»

እሁድ ከሰዓት መጥተው ሶልያናን ከበቧት። ኖላዊ ትሪ ይዞ በክራሩ ፋንታ በጥፍሩ ይመታዋል። «አንተ ብቻ እንዳትዘፍን» አለው ማክቤልን፤ «ያንተን ድምፅ ከሰማሁ እኔም ሁሉን እረሳለሁ።» ኤልዳና ድምፅዋ ጥሩ ነው። ጀመረች። «…ምን አልከኝ ለሰው?» አለችና፣ ትንፋሽ ሳትወስድ «ፍቅሬ እንደ ጨረቃ» ብላ ቀጠለች። ኖላዊም አብሯት።

ሳቁ። «አንቺ ዝም በይ እንጂ!» አላት።

«አንተ ነህ ያልከው!»

«እሺ እንደገና።»

እንደገና። ጨረቃዋ ወጣች። ሦስተኛ ላይ ኖላዊ አገጩን በእጁ ጨምድዶ ያዘ፤ ዜማው በአፍንጫው ወጣ። ኤልዳና ሻሿን አፏ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት። እየደጋገሙ ሄዱ፤ በየመሐሉ የነበረው ሳቅ እየቀነሰ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ሶልያና አንዷን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች።

«ቆይ» አለች ኤልዳና፣ ላቧን እየጠረገች። «ዝም ማለት ካቃተን፣ ጨረቃዋን ለማባረር የየቤታችንን እንበልባት። እኔ ልጀምር። ጥርሴን አያችሁ እንጂ…» ቆመች። «ጥርሴን አያችሁ እንጂ… ፍቅሬ እንደ…» አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ከጣቶቿ በላይ ዓይኖቿ ፈጠው ማክቤልን አዩት።

«ሆዴን ማን ዳሰሰው» አላት ማክቤል ቀስ ብሎ። በግድግዳው በኩል ሲሰማው ነው የኖረው።

«ሆዴን ማን ዳሰሰው» አለች እንደ ሕፃን ተከትላው። «ይኼን እኔ ነኝ እል የነበረው? ባሌ… ይስቅ የነበረው በዚህ ነው?»

ኖላዊ ትሪውን አስቀመጠ። ማክቤል ሊያሳስቀው ፈልጎ «ያንተንስ? ዶሮዬን የበላ ሆዱን ያምሰው?» አለው። ኖላዊ ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ አሰበ።

«ዶሮ ነበረን እንዴ እኛ?» አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ተነስተው ሄዱ። ኤልዳና በሩ ላይ ሶልያናን ግንባሯን ሳመቻት፣ ለእሷም ለራሷም እያለቀሰች።

በማግስቱ ማክቤል ብርጭቆ ሲያጥብ ራሱን ሲያንጎራጉር ሰማው። ጨረቃዋን ነው። ብርጭቆው ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። እሱ እኮ አንዴ ነው በወጉ የሰማት! ግን በግድግዳው በኩል፣ በመንገዱ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል ሲንጠባጠብበት ሰንብቷል። «ሻይህ ቀዝቅዟል» አለ ቶሎ ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ ለብርጭቆው። «ና ቁጭ በልና ቅመሰው።» መልሷ አለች፣ ገና አልጠፋችም። ደግሞ ሞከረ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ቃሉ ትንሽ ዘገየ። ገባው። ይቺ ነገር እሷ ውስጥ ከጠፋች ከሱ ጋር ትቀራለች ብሎ ነበር። ከሱም ልትወሰድ ነው።

ከሰዓት ሻይ አፈላና ከፊቷ ተቀመጠ። ጉሙ መስኮቱ ድረስ ወርዷል። ምን እንደሚያደርግ ሲያስብ ሻዩን ረሳው። ከዚያ ትሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጥፍሩ መታ መታ አደረገና ራሱ ጀመረ። ድምፁ የዛገ በር ነው፤ ኖላዊ አልዋሸም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ስንኝ አንስቶ አንድ ሳያስቀር ዘፈነላት። «ጠብ እርግፍ ስልልህ…» ሲል ጨረቃዋ ከሆዱ ተነስታ ስትመጣ ተሰማው። «ምን አልከኝ ለሰው?» ሲል ጉሮሮው ላይ ደረሰች። የታች ከንፈሩ ጥርሱን ነካ፣ «ፍ» ሊወጣ።

ብርጭቆውን አፈፍ አድርጎ አፉን በሻይ ሞላው።

አልዋጠውም። ያዘው። ጉንጩ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። ጨረቃዋ ከውስጥ ትገፋዋለች፣ ሻዩ መውጫ የላትም ይላታል። ጥፍሩ ትሪውን መምታቱን አላቆመም። ቤቱ ውስጥ፣ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ክፍቷ ክፍት ሆነች።

ሶልያና ከጉሟ ዞረች። የተነፋ ጉንጩን አየች። ብርጭቆውን አየች። ግንባሯ ትንሽ ተኮማተረ፤ ፀጉሩ የተወሳሰበ ሰው ሲመጣላት እንደምታደርገው።

«ቀዝቅዟል አይደል?» አለችው።

የጥንቱን መልስ አይደለም ያለችው። ዜማም አልነበረውም። ሰው ሰውን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችው፣ መልስ ፈልጋ። ማክቤል ደግሞ አፉ ሙሉ ነው። ራሱን ነቀነቀላት፣ ደጋግሞ ነቀነቀላት፣ ሻዩ በከንፈሩ ጥግ አምልጦ በጺሙ ወረደ፤ ከዓይኑ የሚወርደውም አብሮት ወረደ። እሷ ሻዩ እስኪያልቅ አየችው። ከዚያ ወደ ጉሟ ተመለሰች።

አሁን እንግዲህ በየቀኑ እንዲያ ያደርጋል። አንዳንድ ቀን ትናገራለች፣ ብዙውን ቀን ዝም ትላለች። ጨረቃዋም ከጉሮሮው አልወጣችም፤ በየቀኑ እዚያች ቦታ ላይ ትመጣበታለች፣ በየቀኑ ሻይ ያፈስባታል። ከግድግዳው ማዶ ኤልዳና በውኃ መሞከር ጀምራለች። አንዳንዴ ሲያዳምጥ ይሰማታል፤ ትዘፍናለች፣ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ጸጥ። ባሏ የሚስቅበትን ቦታ እየጠበቀችለት ነው።

ይኸው ነው፣ ልጆቼ። እናንተ ከኔ ይልቅ ለዚያ ዘመን ትቀርባላችሁ። ምናልባት አንድ ቀን በአንድ ሰው ደጅ ስታልፉ፣ ድምፁ የማያምር ሽማግሌ ይህችን ዘፈን ሲዘፍን ትሰሙ ይሆናል። «ምን አልከኝ ለሰው?» ሲል የእናንተም አፍ ሊመልስ ይቸኩል ይሆናል፤ መልሱን አንዱ አስተምሯችሁ ይሆናልና። ያኔ እባካችሁ እኔን አስታውሱኝ። ጉንጫችሁን ሙሉና ትንሽ ቆዩ። ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ልትናገር ትችላለችና፣ ቦታውን ተዉላት።